ሦስት እጅ የሚጠይቅ ፈቃድ

እምቢ ማለት የማልችል ሴት ነኝ። ይህን ያወቀ ሁሉ ልጅ ጠብቂልኝ፣ ደብዳቤ አንብቢልኝ፣ ሶፋ አሸክሚኝ እያለ ሲጠቀምብኝ ኖሯል። በሰው ፊት ደፍሬ «አይሆንም» ያልኩት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ያልኩት ለአክብሮት ነው። ቦታው ፍራንክፈርት፣ ኒድ ሰፈር ውስጥ፣ የአንዲት ስፔናዊት ወጥ ቤት ነበር። ያቺ አንድ ቃል አንዲት ሴት የባሏን ፊት ለማየት የቀራትን ጊዜ በላችባት። እንዴት እንዲህ እንደሆነ ዛሬም ነገሩ ይዞርብኛል፤ በዞረብኝ ልክ ልጻፈው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነበር የምሠራው። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ ታጥቦ በእንፋሎት መተኮሻ አልፎ ይመጣል፤ እኛ አጥፈን እንደረድራለን። ከእኔ ጋር ጫፍና ጫፍ ይዘው የሚያጥፉት አንዲት በዕድሜ የገፉ ኤርትራዊት ነበሩ፤ አማርኛውን አስመራ ተማሪ ቤት ነው የለመዱት፤ እኔም እንደ ሁሉም ሰው አደይ እላቸዋለሁ። ማሽኖቹን የሚጠግኑት ደግሞ አንድ ስፔናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ከሰሜን ስፔን፣ ከድንጋይ ከሰል ማውጫ አገር፣ በወጣትነታቸው ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። የእሳቸውም የእኔም ጀርመንኛ እኩል የተሰባበረ ስለነበር በደንብ እንግባባ ነበር። የማይገባቸው ጀርመኖቹ ነበሩ። በጀርመንኛ እንደ እኩያ «ዱ» እያልኩ ባናግራቸውም በልቤ አንቱ ነበሩ፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ።

አንድ ቀን የተበላሸ መተኮሻ ሥር ተኝተው ብሎን እያጠበቁ «በአገርሽ ድርጅት ውስጥ ነበርሽ» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም። ማን ነገረዎት ብላቸው «ክፍል ስትገቢ መጀመሪያ የምታዪው መውጫውን ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ በሰፈራችን አንድ የጥናት ክበብ ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ ክበብ በሕይወት የተረፍነው በጣት የምንቆጠር ነን። ሱዳን ስገባ ሁለተኛ የድርጅት ደጃፍ አልረግጥም ብዬ ምያለሁ። ይህን ሁሉ በየትኛው ጀርመንኛ ልንገራቸው፤ ራሴን ነቅንቄ ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ወደ ፓርቲያቸው ጋበዙኝ።

የፓርቲውን ስም አልጽፍም፤ ብጽፈውም የሚያስታውሰው የለም። ስፔን በአምባገነን በምትገዛበት ዘመን፣ ትልቁ የኮሚኒስት ፓርቲ ለዘብ አለ ብለው የተገነጠሉ ተማሪዎችና የማዕድን ሠራተኞች ያቋቋሙት ትንሽ ፓርቲ ነበር። ለሥራ ጀርመን በመጡ ስፔናውያን መካከልም ሕዋስ ነበረው። አገር ቤት የማዕድን ሠራተኛው አድማ ሲመታ የፍራንክፈርቱ ሕዋስ በራሪ ወረቀት በምግብ ዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አሽጎ በሠራተኛ ባቡር ይልክ ነበር። በኋላ አምባገነኑ ሞተ። ፓርቲው ከተደበቀበት ወጣ፤ ምርጫ ተወዳደረ፤ አንድም ወንበር አላገኘም፤ እንደሱ ትንሽ ከሆነ ሌላ ፓርቲ ጋር ተዋሃደ፤ ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ፈረሱ። ይህ ሁሉ የሆነው ሽማግሌው ለእኔ ከመንገራቸው ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው።

«ታዲያ ፓርቲው የት አለ?» አልኳቸው።

«እኛ አለን» አሉ።

በደንባቸው መሠረት የማዕከሉን ውሳኔ የሚቀበሉት በመልእክተኛ ሲደርሳቸው ብቻ ነው። ፓርቲው መፍረሱን የሰሙት ከጋዜጣ ነው። መልእክተኛ አልመጣም። ጋዜጣ ደግሞ ብዙ ይጽፋል አሉኝ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ፤ ሰውየው እንደሆኑ የማሽን ድምፅ ሰምተው የትኛው ኩሽኔታ እንደላላ የሚያውቁ፣ ጤነኛ፣ አስተዋይ ሰው ናቸው።

የፈለጉኝ ለእጄ ነበር። አንድ አባል በዚያ ጸደይ ሞቶባቸዋል። የሚወስን እጅ ከሦስት ካነሰ ሕዋሱ ምንም መወሰን አይችልም፤ ባለጉዳይ ደግሞ በራሱ ጉዳይ እጁን አያነሳም። እሳቸው ጉዳይ አላቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ጎድሏል። እኔ የማልኩትን መሐላ እያሰብኩ አፌ «እሺ» አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ስብሰባው እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት የትምህርት ቤት ጽዳት የሚሠሩ ባልቴት ቤት ነው። በአሥር በአሥር ደቂቃ ልዩነት ተራ በተራ እንገባለን። ሬዲዮው ጮክ ብሎ ይከፈታል፤ የወጥ ቤቱም ቧንቧ እንዲፈስ ይተዋል፣ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማ እንዳይኖር። ከግድግዳው ማዶ የነበሩት ጆሯቸው የማይሰማ ጀርመናዊት አሮጊት ናቸው፤ ደረጃ ላይ አግኝቻቸው እየጮህኩ ሰላም ብያቸዋለሁ። በጠረጴዛው ዙሪያ አራት ነን፦ ባልቴቷ፣ መካኒኩ ሽማግሌ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዙት ቀጭኑ ጸሐፊ፣ እና እኔ። ስማችን ይጠራል፤ አራት ሰው እየተያየን «አለሁ» እንላለን። ከዚያ የዓለም ሁኔታ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ የለውዝ ኬክ ይመጣል።

ደስ አለኝ። ራሴን ታዘብኩት፣ ግን ደስ አለኝ። ጀርመን ከገባሁ ጀምሮ በሰዓት የሚጠብቀኝ መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር። እዚህ ስዘገይ በመስኮት የሚያይ ሰው ነበረኝ።

የሽማግሌው ጉዳይ ይህ ነበር። ሚስታቸው ከሁለት ዓመት በፊት ወደ መንደራቸው ተመልሰዋል። የሴትየዋ የዓይን ብርሃን እየጠፋ ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም የፈረንጁን ክረምት አይሻገርም ብሏል። ሽማግሌው የጡረታቸው ወረቀት ደርሷቸዋል፤ ወደ ስፔን የሚሄደው አውቶቡስ በየሳምንቱ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ይነሳል። የቀራቸው የሕዋሱ ፈቃድ ነው። በአምባገነኑ ጊዜ ያለ ሕዋሱ ፈቃድ ስፔን የሚሄድ አባል አልነበረም፤ አንዱ ድንበር ላይ ከተያዘ ሁሉም ይያዛልና። ደንቡን የሻረው የለም።

ይህን ለአደይ ነገርኳቸው። አንሶላውን ግማሽ እንዳጠፍነው ቆሙ።

«ቆይ ቆይ፣ ጓለይ፣ ልጄ። ሼፉ ከሥራ ሊለቀው ተስማምቷል፣ የጡረታ ሬንቴው ወጥቶለታል፣ የተከራየውን ቮኑንግ ለማስረከብ ጽፏል። ከዚህ በላይ ሂድ ብሎ ኡርላውብ የሚሰጠው ማን ነው?»

«ፓርቲው ነው፣ አደይ።»

«የትኛው ፓርቲ? ፈርሷል አላልሽኝም?»

«ፈርሷል።»

«እናንተ ሰዎች ቴርሚን ከነርቭ ሐኪም ያዙ» አሉና ጫፋቸውን ወደ እኔ ይዘው መጡ።

ጥያቄው የቀረበው በመስከረም መጀመሪያ ነው። ሽማግሌው ቆሙ፤ ፈቃድ ሲጠየቅ ይቆማል። አንድ እጃቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርገው በስፔንኛ፣ ቀጥሎ ለእኔ በጀርመንኛ ተናገሩ። «ባለቤቴ ዘንድ መሄድ እፈልጋለሁ። እያየችኝ ልድረስ።» ይህን ብቻ ነው ያሉት። ባልቴቷ ወዲያው እጃቸውን አነሱ። ጸሐፊው ተከተሏቸው። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንባቢዬ ሊፈርደኝ ይገባል። በእኛ ዘንድ አንድ የተከበረ ሰው ልሂድ ብሎ ሲነሳ «እሺ ሂድ» አይባልም። ያባረሩት ያህል ነው። «ኧረ ምን ሲደረግ፣ አይሄዱም» ይባላል። እሱ «የለም፣ ግድ ነው» ይላል። እንደገና ይለመናል። በሦስተኛው «እንግዲህ ካሉ» ተብሎ እስከ በር፣ ከተቻለም እስከ መንገድ ይሸኛል። ልጅ ሆኜ እናቴ ጎረቤት ስትሸኝ ሸኚና ተሸኚ መንገድ ላይ ቆመው ሌላ አንድ ሰዓት ሲያወሩ እግሬ እስኪዝል ጠብቄያለሁ። እነዚህ ሁለቱ ግን ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ሰው እንደ እዳ ለመገላገል እጃቸውን ሽቅብ ወረወሩት። አፈርኩላቸው። ቢያንስ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቆይ ይበላቸው እንጂ ብዬ አሰብኩ።

እጄን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ትቼ፣ ፈገግ ብዬ፣ «ናይን፣ አይሄዱም» አልኩ።

ሁለተኛውን ዙር ጠበቅሁ። እሳቸው «የለም፣ ግድ ነው» ይላሉ፤ እኔም አንዴ እለምናለሁ፤ ከዚያ እጄን አነሳለሁ።

ሁለተኛ ዙር አልመጣም። ባልቴቷ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ጸሐፊው ብዕራቸውን አነሱና አንድ መስመር ጻፉ። ሽማግሌው ፊታቸው ነጭ ሆኖ «ተቀብያለሁ» አሉና ተቀመጡ።

«ቆዩ፣ እኔ እኮ—» ስል ጸሐፊው መዳፋቸውን ዘረጉብኝ። «ምክንያት አይነገርም።»

ደንቡን ያስረዱኝ በዚያን ጊዜ ነው። ለጉዞ ሁሉም እጅ መነሳት አለበት። አንድ ሰው ብቻ እንኳ «አይሆንም» ካለ፣ ያ ሰው ሊናገረው የማይችለው አደጋ አውቋል ማለት ነው። ማን እንደነገረው፣ ከየት እንደሰማ ከተናገረ ሌላ ሰው ያስይዛል። ስለዚህ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ራሱም ልናገር ቢል አይሰማም። እምቢታው ለሦስት ወር ይጸናል። ይህን ሁሉ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ከእኔ በፊት ደንቡን የማያውቅ ሰው ገብቶባቸው አያውቅምና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለውን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ገብቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ማሽን ቤት ገብቼ ሽማግሌውን ያዝኳቸው። አደጋ የለም፣ ለአክብሮት ነው ያልኩት፣ በአገሬ እንዲህ ነው ልላቸው ስጀምር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «አትንገሪኝ። ያንን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።» ደግሞም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሚሸትሽ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። መጀመሪያ ያየሁሽ ቀን ነው ያወቅሁት» አሉኝ። የሚሸተኝ የሳሙና ሽታ ብቻ ነበር። እንፋሎቱን ለቀቁትና በጩኸቱ መደማመጥ አልቻልንም።

ለአደይ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው የያዙትን አንሶላ አስቀመጡ። «የአውቶቡሱን ፋርካርቴ ገዝተሽ ኪሱ ውስጥ ክተችው» አሉኝ። «አይሄዱም» አልኳቸው። አደይም ቢሆኑ ልጃቸውን በረሃ ለላከ ድርጅት ዓመታት ሙሉ ያገለገሉ ሰው ናቸው። «አይሄድማ» አሉ። «እኔም አልሄድም ነበር።»

ጸሐፊውን ፍለጋ ሽቫንሃይም ወረድኩ። ከጫካው ጠርዝ በተከራዩት ትንሽ አትክልት ቦታ ባቄላቸውን ከእንጨት ጋር እያሰሩ አገኘኋቸው። ነገሬን በሙሉ ሰሙኝ፤ ከሕዋሱ ስብሰባ ውጭ ስለሆንን ጆሯቸውን አልደፈኑም። እንግዳ የመሸኘቱን ሥርዓት ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ የገመዱን ቁራጭ ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ እንዲህ አሉኝ፦

«እናቴ ስትሞት እኔ እዚህ ነበርኩ። ቴሌግራም መጣልኝ፤ ልሂድ ብዬ ቆሜ ጠየቅሁ። ስድስት እጅ ወጣ። የእሱ፣ የመካኒኩ፣ አልወጣም። አላየኋትም። እስካሁን ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። አንድ ቀን እሱም ቆሞ ይጠይቃል፣ አንድ ሰው እምቢ ይለዋል እያልኩ ስንት ዓመት ጠበቅሁ። ያን ቀን አንቺ አልሽው። ደስ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ ምንም ደስ አላለኝም።»

«ታዲያ ደንቡን ለአንድ ቀን ይተዉላቸው» አልኩ። «ይሂዱ።»

«እኔ እተውለታለሁ። እሱ ነው የማይተወው። አሁን ደንቡን ከጣሰ የእኔን እናት ለምን ከለከለኝ?»

ለሽማግሌው እውነቱን በግድም ቢሆን ልንገራቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለአደጋ ሲባል ሦስት ወር ማጣት ይችላል፤ ሲችል ነው የኖረው» አሉ። «ለትሕትና ሲባል ግን የሚችል አይመስለኝም። ተይው።» ሁለት እፍኝ ባቄላ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ወደ ቤቴ ስሄድ ትራሙ ውስጥ አለቀስኩ፤ አንዲት ሴትዮ መሐረብ ሰጥታኝ ምን ሆነሽ ብትለኝ ምን ብዬ ልንገራት።

እነዚያ ሦስት ወራት እንዲህ ነው ያለፉት። ሽማግሌው ሥራ አቁመው፣ ቤታቸውን አስረክበው፣ በባልቴቷ ሳሎን ሶፋ ላይ ያድሩ ነበር። እሑድ እሑድ የዓለም ሁኔታ ይነበባል። ኬኩ አልወርድ አለኝ። በመንደራቸው ስልክ ያለው አንድ ቡና ቤት ብቻ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ሚስታቸውን እዚያ ያስጠሩና ያወራሉ። አንድ ሐሙስ ስልኩን ዘግተው «የቡና ቤቱን ደረጃ ዛሬ በእጅ ተይዛ ነው የወጣችው» አሉን፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው። እኔን አላዩኝም። ኮታቸው በየሳምንቱ እየሰፋቸው ሄደ፣ ጉንጫቸው ገባ።

በታኅሣሥ ስብሰባ ሽማግሌው ተነስተው አፋቸውን ሲከፍቱ እጄ ቀድሞ ወጣ። ጸሐፊው ጥያቄው እስኪያልቅ ጠብቂ አሉኝ። እጄን ሳላወርድ ጠበቅሁ። ሦስት እጅ ሆነ። በዚህኛው ጊዜ «ቆዩ» ያላቸው ማንም አልነበረም፣ እኔም አላልኩም፤ ልላቸው ፈልጌ ምላሴን ነከስኩት።

አውቶቡሱ የሚነሳው ጠዋት ነበር። አንድ ሻንጣና የመካኒክ ዕቃ ሳጥናቸውን ይዘዋል። ጸሐፊውና ባልቴቷ በየተራ አቀፏቸው። እኔ ዘንድ ሲደርሱ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ምን እንደነበረ አልጠይቅሽም» አሉኝ። «ከምን እንዳዳንሽኝ አላውቅም። ግን አመሰግናለሁ።»

ያኔ ልናገር ነበር። ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሷል። ጸሐፊው ከሽማግሌው ትከሻ በላይ ያዩኛል። እኔም እንደ ለመድኩት፣ «ምንም አይደል» አልኩ። ሰው እንዲህ ያለ ምስጋና ተቀብሎ በሰላም ይኖራል ወይ ብዬ ስንቴ ራሴን ጠይቄአለሁ። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

በየካቲት ደብዳቤ መጣ። ለሕዋሱ የተጻፈ ስለሆነ የሚከፈተው በስብሰባ ነው። ስማችን ተጠራ፤ ሦስት ነን። ጸሐፊው አንድ ዓረፍተ ነገር በስፔንኛ እያነበቡ ቀጥለው ለእኔ በጀርመንኛ መለሱት። እንዲህ ይላል፦

«ጓዶች፣ ደርሻለሁ። መስኮቱ የት እንዳለ ታውቃለች፤ እኔን ግን በድምፄ ነው ያወቀችኝ። ጎረቤቶቿ እስከ ኅዳር ድረስ ሰው ትለይ ነበር ይላሉ። በየማለዳው ያኔ ስንለያይ እንደነበርክ ነህ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፤ አዎ፣ እንደዚያው ነኝ እላታለሁ። በእጇ ፊቴን እንዳትዳስስ ዘወር እላለሁ። ጓድ ለጓድ መዋሸት በደንባችን ክልክል ነው፤ እሷም የሕዋሱ አባል ነበረች። ስለዚህ ጉዳዩን አቅርቤያለሁ። እንድቀጥል ወይም እንዳቆም ወስኑልኝ። ውሳኔያችሁ እስኪደርሰኝ እቀጥላለሁ።»

ሬዲዮው ይጮሃል፣ ውኃው ይፈሳል። ጸሐፊው ደብዳቤውን አጠፉትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጓዱ በውሸቱ ይቀጥል የምትሉ» አሉ።

ባልቴቷ ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ሌላኛውን እጃቸውን አነሱ። ጸሐፊው አነሱ። ወደ እኔ አላዩም፣ ሁለቱም ጠረጴዛውን ነው የሚያዩት። አንድ እጅ ከጎደለ ሽማግሌው ደብዳቤው እንደደረሳቸው ለሚስታቸው እውነቱን እንደሚናገሩ ሦስታችንም እናውቃለን። እጄ ከብዶኝ ነበር። እስከ ትከሻዬ አደረስኩት፣ ከዚያ እስከ ጆሮዬ፣ ከዚያ ከራሴ በላይ አደረግሁት።

ጸሐፊው «ሦስት» ብለው ጻፉ።